የፎቶግራፍ ባለቤት፤ ወደ ላሊበላ ከተደረጉ ሁለት ጕዞዎች

በአገራችን ልማድ አንድ ሰው ከዚህ ዓለም በተለየ ጊዜ፥ ለቅሶ የሚደርሰው ዘመድ ገና ከደጅ ሳይገባ ከቤተ ሰቡ አንዱ ፎቶግራፍ ይፈልጋል። ሣጥኑ ይከፈታል፤ የሠርጉና የክርስትናው አልበም ይገለጣል፤ የእጅ ስልኩም ይፈተሻል። ብዙ ሥዕል ይገኛል፤ ነገር ግን የሟቹ ፊት ጥርት ብሎ የሚታይበት አንድ እንኳ ይጠፋል። በአንዱ ላይ ከሠላሳ ሰው መካከል በስተ ኋላ ቆሟል፤ በሁለተኛው ላይ ፊቱን ጥላ ጋርዶታል፤ በሦስተኛው ላይ ከራሱ በላይ የመብራት ምሰሶ በቅሎበታል። በመጨረሻም ከሠርግ ሥዕል ውስጥ ራሱ ብቻ ተቈርጦ፥ እስኪደበዝዝ ድረስ ተተልቆ፥ ከድንኳኑ ውስጥ ይቀመጣል። ይህን ያላየ ቤት ጥቂት ነው።

ዛሬ ለቤተ ሰብ ገጻችን አንባቢዎች ጥቂት ቃል ለማቅረብ ያሰብነው ስለዚሁ ነገር ነው። እኛ በፎቶግራፍ ጥበብ የሠለጠንን አይደለንም፤ እንደ ብዙዎቹ አንባቢዎቻችን ከመሥሪያ ቤት የዕረፍት ፈቃድ ባገኘን ጊዜ ካሜራችንን አንግተን የምንወጣ ነን። ይሁን እንጂ ወደ ላሊበላ ሁለት ጊዜ ተጕዘን፥ በመጀመሪያው አፍረን በሁለተኛው ጥቂት ተምረን ስለ ተመለስን፥ ያፈርንበትንም የተማርነውንም ሳንደብቅ ብንናገር ለሌላው መንገደኛ ይጠቅማል ብለን እናምናለን።

ሰዋስው ያስተማሩን መምህራን፥ ዐረፍተ ነገር ያለ ባለቤት አይቆምም ይሉ ነበር። ግሱ የቱንም ያህል ቢያምር፥ ቅጽሉም ቢበዛ፥ ባለቤቱ ካልታወቀ ሰሚው «ማን ነው?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ፎቶግራፍም እንደዚሁ ነው። ሥዕሉን በእጁ የያዘ ሰው ዓይኑ ወዲያው ሄዶ የሚያርፍበት አንድ ነገር፥ ሰውም ቢሆን ሕንፃም ቢሆን ዛፍም ቢሆን፥ እርሱ የሥዕሉ ባለቤት ነው። የቀረው ሁሉ ቅጽል ነው፤ ባለቤቱን ሊያገለግል ይገባዋል እንጂ ከባለቤቱ ጋራ ሊከራከር አይገባውም።

የመጀመሪያው ጕዟችን በ2011 ዓ.ም. ለገና በዓል ነበረ። ከሕፃንነታችን ጀምሮ ያሳደጉን አክስታችን ላሊበላን ሳይሳለሙ እንዳይሞቱ ብዙ ዘመን ሲመኙ ስለ ነበረ፥ እርሳቸውን ይዘን በመኪና ተነሣን። ደሴ አድረን፥ በማግሥቱ ወልድያን አልፈን፥ የድልብን ዳገት ወጥተን፥ ጋሸና ስንደርስ ዋናውን ጐዳና ትተን ወደ ሰሜን ታጠፍን። ከዚያ በኋላ የሚታየው አገር ላስታ ነው። አምባው በአምባ ላይ ተደራርቦ፥ ገደሉ እንደ ግንብ ቀጥ ብሎ፥ በመካከሉም የገብስና የስንዴው ማሳ እንደ ደረጃ ተዘርግቶ ይታያል። ታላቁ ተከዜ ከዚሁ ደጋ ይነሣል። ጭላዳ ዝንጀሮና ቀይ ቀበሮ የሚኖሩበት የአቡነ ዮሴፍ ተራራም ከ4000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ አገሩን ከላይ ይመለከታል።

ላሊበላ ከተማ በ2500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለ ሲሆን ቀድሞ ሮሐ ይባል ነበር። ዛሬ የሚጠራው በ12ኛው ምዕት ዓመት መጨረሻና በ13ኛው መጀመሪያ በነገሡት በዛጔው ንጉሥ በቅዱስ ላሊበላ ስም ነው። ከቀዩ ዓለት የተፈለፈሉት 11 አብያተ ክርስቲያናት በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስ መዝገብ ተጽፈዋል። በከተማው ዳር ዳርም ከዚያው ከቀዩ ድንጋይ የተሠሩ ባለ ደርብ ክብ ቤቶች ይታያሉ፤ እነርሱም ራሳቸው ለተመልካች ደስ የሚያሰኙ ናቸው።

ታኅሣሥ 29 ቀን በላሊበላ የጌታ ልደት ብቻ ሳይሆን የንጉሡም የልደት ቀን ሆኖ ይከበራል። በዚያ ጧት ካህናቱ ከፊሎቹ ከቤተ ማርያም በላይ በዓለቱ አፋፍ፥ ከፊሎቹ ከታች ከግቢው ውስጥ ሆነው «ቤዛ ኵሉ» ሲያዜሙ፥ ከየአገሩ በእግሩ የመጣው ምእመን ነጭ ለብሶ ገደሉን ሁሉ ሸፍኖት ነበረ። እኛም ደስታው ልባችንን ስለ ነጠቀው ወዲያና ወዲህ እየሮጥን በሁለት ቀን ውስጥ ሁለት መቶ የሚያህል ሥዕል አነሣን። ያን ጊዜ እንዲህ ያለውን በዓል ያበላሸ ፎቶግራፍ አንሺ የለም ብለን እናስብ ነበር።

አዲስ አበባ ተመልሰን ቤተ ሰቡን ሰብስበን ሥዕሎቹን በቴሌቪዥን ላይ ስናሳይ የደረሰብንን እፍረት ግን አንረሳውም። የወንድማችን ልጅ፥ የስድስት ዓመት ሕፃን፥ «እማማ የት አሉ?» ብላ ጠየቀች። እኛም ተነሥተን በጣታችን «እዚህ ናቸው» ብለን አሳየናት። ሁለተኛው ሥዕል ሲመጣ ደግማ ጠየቀች፤ ሦስተኛውም ሲመጣ እንዲሁ። በአንደኛው ላይ ነጭ ለባሽዋ አክስታችን ከብዙ ሺህ ነጭ ለባሾች መካከል ቆመው ነበርና እኛም ራሳችን ለማግኘት ተቸገርን። በሁለተኛው ላይ ቤተ ጊዮርጊስ ከነገደሉ ተራራውም ከነሰማዩ እንዲገባ ብለን ወደ ኋላ ብዙ ስለ ራቅን፥ አክስታችን የስንዴ ቅንጣት አክለው ታዩ። በሦስተኛው ላይ ቤተ መድኃኔ ዓለምን ከዝናም ለመከላከል የቆመው የመጠለያው ብረት ምሰሶ ልክ ከራሳቸው ላይ ተነሥቶ ወደ ሰማይ ወጥቷል። በአራተኛው ላይ ቀትር ነበረና ነጠላው ግንባራቸውን ጋርዶ፥ ልብሳቸው እንደ በረዶ ሲያበራ ፊታቸው ጠቍሮ ቀርቷል።

አክስታችን ይህን ሁሉ በዝምታ ከተመለከቱ በኋላ ፈገግ ብለው፥ «ላሊበላን እኔ ደኅና አድርጌ አይቼዋለሁ፤ የናንተ ካሜራ ግን እኔን አላየኝም» አሉ። ነገሩ ቀልድ ነበረ፤ ሁሉም ሳቀ። እኛን ግን ወጋን፤ ዕድሜያቸው ያን ጊዜ 74 ዓመት ነበረና፥ እንዲህ ያለው መንገድ እንደገና መገኘቱን ማን ያውቃል ብለን አዘንን።

ከዚያ በኋላ ስሕተታችን ከምን እንደ ሆነ መመርመር ጀመርን። የተረዳነው ነገር ይህ ነው። የሰው ዓይን የሚሠራው ከልብ ጋራ ነው። ከሺህ ሰው መካከል እናቱን የሚፈልግ ልጅ እናቱን ባየ ጊዜ የቀረውን ሰው አያየውም፤ ምሰሶውም ገመዱም መኪናውም ለእርሱ እንደ ሌለ ነው። ካሜራ ግን ልብ የለውም። ፊት ለፊቱ ያለውን ሁሉ፥ አክስትንም ምሰሶንም፥ ያለ አድልዎ እኩል ይቀበላል። እንግዲህ ልብ በዓይን ላይ የሚሠራውን መምረጥ፥ ፎቶግራፍ አንሺው በእግሩና በእጁ ሊሠራው ግዴታ ነው። የባለቤቱ ጐልቶ መታየት ከካሜራው ዋጋ የሚመጣ አይደለም፤ አንሺው አስቀድሞ ስለ መረጠ የሚመጣ ነው።

ይህም ነገር ለአገራችን አዲስ ጥበብ አይደለም። የቀድሞ ሠዓሊዎቻችን በቤተ ክርስቲያን ግድግዳና በብራና ላይ ሲሥሉ፥ ቅዱሱን በመካከል ትልቅ አድርገው፥ አጠገቡ የሚቆሙትን ያሳንሷቸዋል። ከኋላው ያለውን ስፍራ በቢጫ ወይም በቀይ ወይም በአረንጓዴ፥ አንድ ወጥ በሆነ ቀለም ይሞሉታል። ራሱን በብርሃን አክሊል ይከቡታል። ጻድቁን ፊት ለፊት በሁለት ዓይኖቹ ሲያሳዩት፥ ኃጥኡን ግን ወደ ጐን አዙረው አንድ ዓይኑን ብቻ ያሳያሉ። መጽሐፍ ያልተማረ ገበሬ እንኳ ከደጅ እንደ ገባ የሥዕሉን ባለቤት ለይቶ ይሳለማል። መጠን፥ ወጥ የሆነ ጀርባ፥ በራስ ዙሪያ ያለ ብርሃን፥ የዓይን አቀማመጥ፤ የዛሬ ፎቶግራፍ አንሺ የሚማረው ከእነዚህ ብዙ አይርቅም።

ካሜራ ወደ አገራችን ከገባ በኋላም ይኸው ሕግ ተጠብቋል። ከአርመን ወገን የሆነው ሙሴ ቤድሮስ ቦያጂያን በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ ገብቶ የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ከሆነ በኋላ፥ ልጆቹም በየተራቸው ይህንኑ ሥራ ይዘው ኖረዋል። በዚያ ዘመን በፎቶግራፍ ቤት የሚነሣ ሰው ከጀርባው መጋረጃ የሚዘረጋለት ለጌጥ ብቻ አልነበረም፤ ከሰውየው በቀር ሌላ የሚታይ ነገር እንዳይኖር ነው። በእኛም ዘመን በ2010 እ.ኤ.አ. የአዲስ ፎቶ ፌስት የተባለውን ዓውደ ርእይ የመሠረቱት ወይዘሮ አይዳ ሙሉነህ፥ የተቀባ ፊት ያላቸውን ሰዎች በቀይና በሰማያዊ በቢጫም ወጥ ቀለም ፊት እያቆሙ ያነሡአቸው ሥዕሎች በብዙ አገር ታይተዋል።

ይህን እያጠናን ተመልሰን ለመሄድ ብናስብም፥ በ2013 ዓ.ም. ክረምትና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ላስታን ስለ ነካ መንገዱ ተዘጋብን። አክስታችንም የላሊበላን ስም በዜና በሰሙ ቍጥር ከመቀመጫቸው ተነሥተው ያማትቡ ነበር። ከብዙ መጠበቅ በኋላ በጥር 2015 ዓ.ም. ጥምቀት እንዳለፈ በአውሮፕላን ሄድን። ከማረፊያው ወደ ከተማው የሚወጣው መንገድ ዳር መከሩ ታጭዶ፥ አገሩ ሁሉ የገለባ ቀለም ይዞ ነበረ። በዓል ስላልነበረ ሰዉ ጥቂት፥ ጊዜውም ሰፊ ሆነልን። በዚህ ጊዜ ከሁለት መቶ ሥዕል ይልቅ ሃያ ለማንሣት ወስነን ነበር።

መጀመሪያ የሄድነው ወደ ቤተ ጊዮርጊስ ነው። ይህ ቤተ ክርስቲያን ከምድር ወደ ታች 12 ሜትር ያህል ተቈፍሮ በመስቀል ቅርፅ የቆመ ሲሆን፥ በጣራው ላይ አንዱ ካንዱ ውስጥ የገቡ ሦስት መስቀሎች ተቀርጸውበታል። በ1520ዎቹ እ.ኤ.አ. አገራችንን የጐበኘው የፖርቱጋል ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬስ ስለ ላሊበላ ሕንፃዎች ከጻፈ በኋላ፥ ያላየ ሰው አያምነኝም ብሎ ፈርቶ ነበር። እኛም በአፋፉ ላይ ቆመን ለራሳችን ያቀረብነው የመጀመሪያ ጥያቄ፥ «ዛሬ ባለቤቱ ማን ነው?» የሚል ነበረ። ቤተ ክርስቲያኑ ነውን፥ ወይስ አክስታችን? ባለፈው ጊዜ ሁለቱንም በአንድ ሥዕል እናንግሥ ብለን ሁለቱንም አጥተናቸው ነበርና።

ስለዚህ ሁለት ሥዕል ለየብቻ አነሣን። ለቤተ ክርስቲያኑ የመረጥነው ሰዓት ከጧቱ 1 ሰዓት በኋላ ነው። በዚያ ሰዓት ፀሐይ ዝቅ ብላ ስለምትመጣ ጣራውን ታበራዋለች፤ ጕድጓዱ ግን ገና በጥላ ውስጥ ነው። በዚህ ጊዜ መስቀሉ ከጨለማ ውስጥ እንደ ወጣ ሆኖ ይታያል። ቀትር ሲሆን ብርሃኑ ከላይም ከታችም እኩል ስለሚሆን ጣራውና ወለሉ ይቀላቀላሉ። በአፋፉ ማዶ የቆመ አንድ ዲያቆን በሥዕሉ ጠርዝ እንዲገባ ማድረጋችን ደግሞ ለጥልቀቱ መለኪያ እንዲሆን ነው፤ በዚህ ስፍራ የሰው ትንሽነት ሕንፃውን ያገለግላል። ለአክስታችን ሥዕል ግን ወደ እርሳቸው ሁለት ሜትር ያህል ቀረብን፤ ከወገብ በላይ ብቻ ያዝን፤ ቤተ ክርስቲያኑ ከትከሻቸው በስተ ኋላ ደብዝዞ መስቀልነቱ ብቻ እንዲታወቅ አደረግን። የት እንደ ነበሩ ለማወቅ ይህ ይበቃል።

ሁለተኛው ትምህርት ስለ ጀርባ ነው። ቤተ መድኃኔ ዓለም ርዝመቱ ከ33 ሜትር የሚበልጥ ታላቅ ሕንፃ ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. እርሱንና ሌሎች አራት አብያተ ክርስቲያናት ከዝናምና ከፀሐይ ለመከላከል መጠለያዎች ተሠርተውላቸዋል፤ ምሰሶዎቹም ለፎቶግራፍ አንሺ ፈተና ናቸው። መድኃኒቱ ግን ቀላል ነው። መጫኛውን ከመንካት በፊት ዓይንን ከባለቤቱ አንሥቶ በሥዕሉ አራት ጠርዝና ከሰውየው ራስ ዙሪያ ማዞር ነው። ምሰሶ ቢገኝ፥ ገመድ ቢገኝ፥ ቢጫ የውሃ ጀሪካን ቢገኝ፥ አንድ እርምጃ ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ መሄድ ብዙ ጊዜ ይበቃል። እኛም አንድ እርምጃ ብንራመድ ምሰሶው ከዓለቱ ዓምድ ኋላ ተሸሸገልን።

ከዚህም ጋራ ሰውየውን ከግድግዳው ማራቅ ይገባል። ብዙ ሰው ዘመዱን ከሕንፃው ጋራ አስጠግቶ ያነሣል፤ በዚህ ጊዜ የድንጋዩ መጥረቢያ ምልክት ሁሉ እንደ ፊቱ ጥርት ብሎ ይወጣና ከፊቱ ጋራ ይጣላል። ባለቤቱ ለካሜራው ቅርብ፥ ጀርባው ግን ከባለቤቱ ሩቅ ሲሆን ግን ጀርባው ይደበዝዛል። መነጽሩ በሚለወጥ ካሜራ የሚያነሣ ሰው 85 ሚሊሜትር ያህል መነጽር ይዞ ቀዳዳውን 2.8 በሚለው ቍጥር ቢከፍተው ይህ በይበልጥ ይሆንለታል፤ 8 ወይም 11 ቢለው ግን ሕንፃውም ሰውየውም እኩል ይጠራሉ። በስልክ የሚያነሣ ሰው በጣም ከተጠጋ አፍንጫ ይተልቃልና፥ ጥቂት ወደ ኋላ ብሎ 2 ወይም 3 እጥፍ በሚያቀርበው መነጽር ቢጠቀም ይሻላል። ስልኩ በራሱ ጀርባውን የሚያደበዝዝበት «ፖርትሬት» የሚሉት ስልትም አለ፤ ነገር ግን በእጅ መስቀል ቀዳዳዎችና በጸናጽል ዘንጎች ዙሪያ ሲሳሳት አይተነዋልና ደኅና አድርጎ መመልከት ያስፈልጋል።

ቅዳሜ የላሊበላ ገበያ ቀን ነው። በዚያ ስለ ቀለም ተማርን። ጥቁር አረንጓዴ ጋቢ የመሰለ ብርድ ልብስ የለበሱ የደጋ ሰዎች፥ የጤፉና የበርበሬው ጆንያ፥ ጨውና ማር፥ አህያና ፍየል ተቀላቅለው ሲታዩ ዓይን ማረፊያ ያጣል። እኛም ሕዝቡን ሁሉ ለማንሣት ከመሞከር ይልቅ አንዲት በርበሬ ሻጭ መርጠን፥ ከፈቀደችልን በኋላ ከፍ ካለ ድንጋይ ላይ ቆመን ወደ ታች አነሣናት። ከላይ ሲታይ ጀርባዋ ገበያው መሆኑ ቀርቶ ወጥ የሆነ መሬት ሆነ፤ ቀይ በርበሬዋም በዐፈሩ ላይ እንደ እሳት በራ። በተቃራኒው ደግሞ ሰው ሲበዛ ጕልበትን አጥፎ ከታች ወደ ላይ ማንሣት ባለቤቱን ከሕዝቡ ለይቶ በሰማይ ላይ ያወጣዋል። ከቆምንበት ሳንነቃነቅ በዓይናችን ትክክል ማንሣት ልማድ ስለ ሆነብን እንጂ፥ ብዙ ሥዕል በጕልበት መታጠፍ ብቻ ይድን ነበር።

ከዚያ ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ ሄድን። ይህ ቤተ ክርስቲያን ከላሊበላ በፊት በነገሡት በዛጔው ንጉሥ ስም የሚጠራ ሲሆን፥ ከዓለት የተፈለፈለ ሳይሆን በታላቅ ዋሻ ውስጥ የተሠራ ነው። ግድግዳው አንድ ረድፍ ጥቁር እንጨት፥ አንድ ረድፍ በኖራ የነጣ ድንጋይ እየሆነ ተደራርቧል። ዋሻው ጨለማ ስለ ሆነ ነጩ ረድፍ ከሩቅ ያበራል። በዚህ ስፍራ የገባን ነገር፥ ባለቤትን የሚያጐላው ብርሃኑ መብዛቱ ሳይሆን ልዩነቱ መሆኑ ነው። ነጭ በነጭ ላይ ይጠፋል፤ ጥቁርም በጥቁር ላይ ይጠፋል፤ ነጭ በጥቁር ላይ ግን ይናገራል። በ2008 እ.ኤ.አ. ከላሊበላ ተነሥቶ በእግሩ ወደ ስሜን ተራሮች የተጓዘው ስመ ጥሩው ብራዚላዊ ሴባስቲያኦ ሳልጋዶ ሥራው በአብዛኛው በጥቁርና በነጭ መሆኑ የታወቀ ነው። ቀለም የማይረዳው ሰው በብርሃንና በጥላ ብቻ ባለቤቱን መለየት አለበትና፥ ስልክን ወደ ጥቁርና ነጭ ለውጦ አንድ ቀን መለማመድ ዓይንን ያሠለጥናል።

ይህንም ካወቅን በኋላ የመጀመሪያው ጕዟችን ስሕተት ተገለጠልን። በገና ነጭ ለባሽዋን አክስታችንን በነጭ ለባሾች መካከል ፈልገናቸው ነበር። ያን ቀን ከቀዩ ዓለት ፊት፥ ወይም ከአንድ ቄስ የከፋይ ጥላ አጠገብ አቁመናቸው ቢሆን ኖሮ ሕፃኒቱ ባልጠየቀች ነበር። ሌላም ነገር አለ። ካሜራ የሚያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ብርሃን ሊያመጣው ይሞክራል። ነጠላ የበዛበትን ሥዕል ሲያይ ብርሃኑ በዛ ብሎ ስለሚቀንስ፥ ነጩ ይዳምናል፤ ፊትም ይጠቍራል። ስለዚህ ስክሪኑን በባለቤቱ ፊት ላይ በጣት መንካትና፥ ካስፈለገም ብርሃኑን ጥቂት ከፍ ማድረግ ይገባል። የኢትዮጵያዊ ፊት ከነጠላው ይልቅ ይታይ፤ ነጠላውን ሁሉም ያውቀዋል።

በማግሥቱ አክስታችን በበቅሎ ሆነው ከከተማው በላይ ወዳለችው ወደ አሸተን ማርያም ወጣን። በመንገዱ ዳር በነፋሱ የቆመ አንድ የሐበሻ ጽድ አይተን፥ በቅሎዋን ከርሱ አጠገብ አቆምናት። ጧት ጭጋጉ በሸለቆው ውስጥ ስለሚተኛ የቅርቡ አምባ ጥቁር፥ የሁለተኛው ሰማያዊ፥ የሦስተኛው ነጣ ያለ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ ቅርብ ያለ ሰው ብዙ ሳይደክም ከአገሩ ተለይቶ ይወጣል። ፀሐይ ከኋላቸው ስትሆን በነጠላቸው ጠርዝ ዙሪያ የብርሃን ቀለበት ሠራች፤ ያን ጊዜ የሠዓሊዎቹ አክሊል ትዝ አለን።

ስለ ምግባር ሁለት ቃል እንጨምር። ላሊበላ የጸሎት ቦታ ነው። የሚጸልይ ሰው ለሥዕላችን ባለቤት ሊሆን የሚችለው ፈቃዱ ሲሆን ብቻ ነው። ጫማን ማውለቅ፥ ወደ መቅደስ ካሜራ አለማዞር፥ በቤተ ማርያም ያሉትን ጥንታውያን ሥዕሎች በመሳሰሉት ፊት የመብራት ብልጭታ አለመጠቀም፥ ቅዳሴ ላይ ያለውን ካህን አለማወክ ተገቢ ነው። እኛ በልብሰ ተክህኖ መስቀል ይዘው የቆሙትን አንድ አዛውንት ካህን አስቀድመን ተሳልመን፥ ተባርከን፥ ከዚያም ብናነሣ ይፈቅዱልን እንደ ሆነ ጠየቅናቸው። እርሳቸውም ፈቅደው ከመስኮቱ አጠገብ ቆሙልን። ካልተጠየቀ ሰው የሚገኘው ጀርባው ነው፤ የተጠየቀ ሰው ግን ዓይኑን ይሰጣል።

አሁን ወደ መጨረሻው ሥዕል እንመጣለን። ከቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል ወደ ቤተ መርቆሬዎስ በሚያሻግረው የምድር ውስጥ መተላለፊያ ምንም ብርሃን የለም፤ ሰው አንድ እጁን በግድግዳው ላይ፥ አንድ እጁን ከፊቱ ባለው ሰው ትከሻ ላይ አድርጎ ያልፋል። ያገሩ ሰዎች ይህን ጨለማ የሲኦል ምሳሌ ነው ይሉታል። አክስታችን ግን መብራት እንዳናበራ ከልክለው በእጃቸው ዓለቱን እየዳሰሱ ሄዱ። እኛ ቀድመን ወጥተን ከበሩ ውጭ ቆመን ጠበቅናቸው። ወደ አፉ ሲደርሱ፥ ከኋላቸው ያለው ሁሉ ጥቁር ሆነ፤ ከፊት ያለው የሰማይ ብርሃን ግን ፊታቸውን ቀስ ብሎ አበራው። ነጠላቸው እንደ ክፈፍ ከበበው። ከበሩ ከመውጣታቸው በፊት አንድ አፍታ ቆመው ዓይናቸውን ወደ ብርሃኑ አንሥተው «ተመስገን» አሉ። ያን ጊዜ አነሣናቸው። ምሰሶም ሕዝብም ሕንፃም አልነበረም።

አዲስ አበባ ስንመለስ ሃያዎቹን ሥዕሎች በወረቀት አሳትመን በገበታው ላይ ዘረጋናቸው። ሕፃኒቱ አሁን አሥር ዓመት ሆኗታል፤ አንድ ጊዜ እንኳ «የት አሉ?» አላለችም። አክስታችን መነጽራቸውን አድርገው አንድ በአንድ ከተመለከቱ በኋላ፥ ከመተላለፊያው አፍ ላይ የተነሣችውን ለይተው ብዙ ጊዜ ያዟት። ከዚያም ወደ እኛ ዘርግተው፥ «ይህችን ለብቻዋ አስቀምጡልኝ፤ በኋላ ስትፈልጉ እንዳትደናገጡ» አሉን። ለምን እንደ ሆነ ስለ ገባን ምንም ሳንመልስ ተቀበልናቸው። ሥዕሊቱ በሣጥኑ ውስጥ ናት፤ አክስታችንም በእግዚአብሔር ቸርነት ዛሬም በጤና አሉ።

አንባቢዎቻችን ሁሉ ላስታ ድረስ እስኪሄዱ መጠበቅ አያስፈልጋቸውም። በሚመጣው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አባታቸውን ወይም እናታቸውን ከመስኮት አጠገብ በወንበር ያስቀምጡ፤ ከኋላቸው ያለውን ዕቃ ያንሡ፤ ቀርበው፥ ዓይናቸው እስኪታይ ድረስ ጠብቀው፥ አንድ ጥሩ ሥዕል ያንሡ። ከዚያም ያሳትሙት፤ በስልክ ውስጥ የቀረ ሥዕል ከስልኩ ጋራ ይጠፋልና።